ላፕቶፕ ይዞ ወደ ድሬዳዋ

ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ገና አልነጋም። ግንቦት አጋማሽ ቢሆንም የአዲስ አበባ ማለዳ ጃኬት ያስቆልፋል። በትከሻዬ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ በእጄ እትዬ ያዘዘችኝን ሽሮና በሶ ይዤ ሰልፍ ያዝኩ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። አግብታ ድሬዳዋ ከወረደች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ሽሮ ግን ዛሬም ከአዲስ አበባ ካልሄደላት አይጥማትም።

ዋናው አደራ ግን ላፕቶፑ ነበር። የእትዬ የመጨረሻ ልጅ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ትማራለች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ መሀል ላይ ሳለች የራሷ ላፕቶፕ ወድቆ ተሰበረባት። እትዬ ደወለችና «አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምን ታያለህ? ፈልግላት እንጂ» አለችኝ። ያገለገለ ግን ደህና የሚመስል አንድ ላፕቶፕ አግኝቼ ገዛሁ። ላለመታለል ብዬ ከመላኬ በፊት አሥር ቀን ሳሎኔ ውስጥ ሠራሁበት፤ ልጆቼም ፊልም አዩበት። አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረም። ባቡር በተሳፈርኩበት ዕለት ጽሑፏን ለማስረከብ የቀራት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር።

ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፎ ወደ መተሐራ ሲወርድ መሬቱ ይገረጣል፤ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ ብቅ ይላሉ። ባቡሩ ውስጥ ማቀዝቀዣ ስላለ ቆላ መግባታችሁን የምታውቁት ጣቢያ ላይ በሩ ሲከፈት ነው። አዋሽ ላይ በሩ ሲከፈት የገባው አየር የዳቦ መጋገሪያ ደጃፍ የቆምኩ አስመሰለኝ። ጃኬቴን አውልቄ ወደ ቦርሳዬ ልከት እጄን ስሰድ ደነገጥኩ። ቦርሳው ውስጡ ይፋጃል።

ላፕቶፑ ነበር። ከምጣድ እንደወረደ እንጀራ ትኩስ ሆኗል፤ ፋኑ በታፈነ ድምፅ ይጮሃል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ለአንድ ደቂቃ ኢሜይል አይቼበት ክዳኑን ከደን አድርጌ፣ በሹራብ ጠቅልዬ ነበር ቦርሳ ውስጥ የከተትኩት። ክዳን መዝጋት ማጥፋት አይደለም። ማሽኑ አንቀላፋ እንጂ አልጠፋም፤ መንገድ ላይ ደግሞ ራሱን በራሱ ቀስቅሶ ሊሠራ ይችላል። አየር በሌለበት፣ በሹራብ ታፍኖ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ሲስብ ቆይቷል ማለት ነው። አውጥቼ አጠፋሁትና ጭኔ ላይ ላድርገው ብል ስላቃጠለኝ የወንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሚኤሶ እስክንደርስ እንዲበርድ ጠበቅሁት። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ በጥርጣሬ ሲያዩኝ ቆይተው «ይፈነዳል እንዴ?» አሉኝ። «አይ፣ አይፈነዳም» አልኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር መውጣት ነበረበት፤ ተራራው አላስወጣው ሲል በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቀረና ከተማዋ ተወለደች። ስለዚህ የድሬን ሙቀት ያመጣው ተራራው ነው ብል ድሬዎች አይቀየሙኝም። አሁን ባቡሩ የሚያወርደው ከከተማ ወጣ ብሎ ከተሠራው አዲሱ ጣቢያ ነው። ከዚያ በባጃጅ ወደ ከተማ ስትገቡ ከዚራ በሰፋፊ ዛፎቿ ጥላ ትቀበላችኋለች፤ የድሮው ለገሃርም እዚያው ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው። ከወዲህ ከዚራ፣ ከወዲያ መጋላ። የእትዬ ቤት ከደቻቱ ብዙ አይርቅም።

ስደርስ ቀትር አልፏል። በዚያ ሰዓት ድሬ አትሠራም፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በሽርጥና በድሪያ ሆኖ ወለል ላይ ይጋደማል። እኔም ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼ ልጋደም ስል የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ከእጄ ተቀብላ ገባች። ዘጠኝ ቀን የቀረው ሰው ቀትር አያውቅም።

ሥራዋ ምን እንደሆነ በስልክ ነግራኝ ነበር፤ አልገባኝም እንጂ። የደቻቱን ጎርፍ ነው የምታሰላው። ዝናቡ ከላይ ከደጋው ሲጥል ውሃው በስንት ሰዓት ከተማ ይደርሳል፣ የት ድረስ ይወጣል፣ የማንን ግቢ ይይዛል የሚለውን ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ካሬ መሬት እየቆጠረ ያወጣዋል። አንዱ ስሌት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ አያርፍም። ልጆቼ ፊልም ካዩበት ሥራ ጋር አይገናኝም።

አልጋዋ ላይ ፍራሹ መሀል አስቀምጣ ስሌቱን አስጀመረች። ፋኑ እየጮኸ፣ እየጮኸ ሄደና ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላው ቀጥ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። እንደገና አስነሳችው፤ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና በቀስታ «ጋሼ፣ ሰውየው ሸወዱህ እንዴ?» አለች። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን እኔና እግዜር ብቻ እናውቃለን።

ትንሽ ቆይታ የፕሮሰሰር ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረደች። እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ፤ ኮር ቴምፕና ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ምንም ሳይሠራ 58 ዲግሪ አለ። ስሌቱን ስታስጀምር 80፣ 88፣ 94፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ 97። እትዬ ከወለሉ ላይ ቀና ብላ «ይሄማ ውሃ ያፈላል!» አለች።

እውነቷን ነው። እንዲያውም አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬ ደግሞ 96 ገደማ ላይ። ማሽኑ ከፈላ ውሃ በላይ ግሏል ማለት ነው። እኔም በልቤ «በቃ ተቃጠለ» ብዬ ደመደምኩ። እትዬ በረዶ በፌስታል አድርጋ ከሥሩ ልታስቀምጥ ተነሳች። ልጅቷ ግን እናቷን በእጇ ከልክላ «እማዬ፣ ቆይ፣ ከተማው ይንቃ» አለች።

ከተማው ነቃ። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ሱቆች ይከፈታሉ፣ ሳንቡሳና ባጊያ ይጠበሳል፣ ሙሸበክ ይደረደራል፣ ባጃጆች ይርመሰመሳሉ። ድሬን ማየት የሚፈልግ በዚህ ሰዓት ይውጣ። ደቻቱን ተሻግረን ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ሄድን። ስልክና ኤሌክትሮኒክስ እዚያ ተደርድሯል። ከአንድ ስልክ ጥገና ጀርባ፣ በር የምታክል ስፋት ያላት ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ካቻቪቴ ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ አራት ላፕቶፖች አሉ።

ችግሩን ነገርነው። አልተደነቀም። «አቦ ፋዘር፣ በግንቦት ሥራዬ ይኼው ነው። ከአዲስ አበባ ደህና ሆኖ መጥቶ እዚህ የሚጠፋ» አለኝ።

«97 ደርሷል እኮ» አልኩት፤ እንዲደነግጥልኝ ፈልጌ።

«97 ብቻውን አይገድለውም» አለ። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ቤት ገብቼ ከሌላም ቦታ አመሳክሬዋለሁ፤ ልክ ነበር።

ፕሮሰሰር ጥፍር የምታክል የሲሊከን ቁራጭ ናት። ይህ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ-5 ነው፤ የሚነደፈው በ15 ዋት እንዲሠራ ነው፤ አንድ ቆጣቢ አምፖል የሚበላውን ያህል። የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። አምፖሉ ሙቀቱን ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ሁሉንም ጥፍር ላይ ነው የሚያወጣው። ለዚህም ነው ቁጥሩ እኛ ከምናውቀው ሙቀት ጋር የማይመሳሰለው። ሠሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ያወጣው ከፍተኛ ወሰን 100 ዲግሪ ነው። ለአንዳንድ ሌሎች 105ና 110 የደረሰበት አለ፤ የኤኤምዲ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮችም እንደ ዓይነታቸው 95፣ 100 ወይም 105 ይባላሉ። ወሰኑ ጋ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል። የዚህኛው መደበኛ ፍጥነት 1.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሲቀዘቅዝለት እስከ 3.4 ይፈጥናል፤ ሲግል ወደ ኋላ ይመለሳል። መቀነሱ አልበቃ ሲለው፣ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ፣ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ጠፋ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ራሱን አዳነ ማለት ነው።

«ታዲያ ስንት ሲሆን ነው የምጨነቀው?» አለችው የእህቴ ልጅ።

ልጁ እንደ ሐኪም ወዲያው አልመለሰም። መጀመሪያ «የት ሆነሽ?» አላት።

እኔ እስከዚያ ያላሰብኩት ነገር ይኸው ነበር። ላፕቶፕ ፍሪጅ የለውም። ፋኑ የሚነፋው ያንኑ የክፍሉን አየር ነው፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ ከክፍሉ በላይ ይሞቃል እንጂ በታች ሊሆን አይችልም። ከክፍሉ በላይ የሚወጣበት ልክ ደግሞ ለአንድ ዓይነት ሥራ ብዙም አይለወጥም። እኔ ሳሎን ውስጥ 20 ዲግሪ ነው፤ ከባድ ሥራ 60 ዲግሪ ቢጨምርበት 80 ይሆናል፤ ማንም አያስተውለውም። እትዬ ቤት በዚያን ዕለት ቀትር 36 ነበር፤ በዚያው ሥራ 96 ይሆናል። ላፕቶፑ አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ አሥራ ስድስት ዲግሪ ይዤው የወረድኩት። ብዙ ላፕቶፖች መመሪያቸው ላይ የሚሠሩበት የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ተብሎ ተጽፏል። የድሬ ግንቦት ቀትር ይህን አልፎ ነው የሚጀምረው።

(ለፍትሕ ያህል፣ ድሬም የምትሰጠው ነገር አላት። የደጋ አየር ስስ ነው፤ ፋን የሚያሽከረክረው አየር ሲሳሳ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። የድሬ አየር ከአዲስ አበባው በአንድ አሥረኛ ገደማ ይወፍራል። አሥራ ስድስቱን ዲግሪ ግን አይመልስም።)

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን በቀስታ ዘረዘረላት። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ አዲስ አበባ ላይ ከ40 እስከ 50፣ ድሬ ላይ 55 ወይም 60 ቢል ምንም አይደለም። ጽሑፍ መጻፍና ኢንተርኔት ማየት 60ዎቹንና 70ዎቹን ሊያስነካው ይችላል። ከባድ ስሌት፣ ጌም፣ ቪዲዮ ማቀናበር እስከ 85 ቢያደርሰው ምቾቱን አያጣም። 90ና 95 ለጥቂት ደቂቃ ቢነካ አይጎዳም፤ ሰዓታት ሙሉ እዚያ ተጣብቆ ከቀረ ግን «የሆነ መንገድ ተዘግቷል» ማለቱ ነው። ምንም ሳይሠራ 75ና 80 የሚል ማሽን ካለ ደግሞ፣ ሰዓቱንም ቦታውንም ሳትጠይቂ ይዘሽልኝ ነይ አላት። ሲሞቅ አብሮ የሚጎዳው ባትሪው እንደሆነም ነገረን። ፕሮሰሰሩ መቶ ይችላል፤ ባትሪው ግን አጠገቡ ተቀምጦ ከ35 በላይ በሆነ ሙቀት በዋለ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ ቀልድ የለውም። የላፕቶፕ ሆድ ከፍ ካለ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ማቆም ነው።

ከዚያ ካቻቪቴውን ከጆሮው አውርዶ የላፕቶፑን ጀርባ ፈታው። ሲከፈት የእህቴ ልጅ «ውይ!» አለች። ከፕሮሰሰሩ ላይ ተነስቶ ወደ ጎን የሚሄድ የመዳብ ቱቦ አለ፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ጫፉ ላይ ወዳሉት ቀጫጭን የመዳብ ቅጠሎች ያደርሰዋል፤ ፋኑም በቅጠሎቹ መሀል ነፍቶ ያስወጣዋል። በፋኑና በቅጠሎቹ መሀል ግን አቧራው ተድበልብሎ እንደ በርኖስ ጨርቅ ወፍሯል። ልጁ በወረንጦ ይዞ አንድ ቁራጭ አድርጎ አነሳው። ከውጭ ንፁህ የሚመስለው ላፕቶፕ ውስጡ ብርድ ልብስ ለብሶ ኖሯል። አዲስ አበባ ሳሎኔ ብርድ ልብሱን ሸፍኖለት ነበር፤ ድሬ ገለጠችው።

ፋኑን በጣቱ ይዞ በብሩሽ ጠረገው። «ሳትይዢው በአየር ከነፋሽው ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ይበላሻል» አላት። ቀጥሎ የመዳቡን ቱቦ ፈታ። ከሥሩ፣ በመዳቡና በፕሮሰሰሩ መሀል የነበረው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። የፔስቱ ሥራ በሁለቱ ብረቶች መሀል የምትቀረውን የአየር ክፍተት መሙላት ነው፤ አየር ሙቀት አያሳልፍምና። በአልኮል አብሶ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት አደረገባት። እኔ ስስታም መሰለኝና «ጨምር እንጂ» አልኩት። ሳቀ። «ፋዘር፣ ቅቤ አይደለም» አለ። ሲበዛም ሙቀቱን ይይዘዋል እንጂ አያሳልፈውም።

ስለ እትዬ በረዶ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው ፍሪጅ ውስጥ ከትቶ አምጥቶልኛል እኮ» አለ። የቀዘቀዘ ብረት ላይ ሞቃት አየር ሲያርፍ እርጥበት ይቋጥራል፤ ፍሪጅ የወጣ የውሃ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው። ያ ላብ ላፕቶፑ ውስጥ ሲሆን ሙቀቱ ያላደረሰውን ጉዳት ያደርሳል። ከሥር የሚደረጉትን ባለፋን ማቀዝቀዣዎችም ይሸጣል፤ ግን ለእህቴ ልጅ አልሸጠላትም። ይልቁንም ከመሬት ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን አንስቶ ከላፕቶፑ የኋላ እግሮች ሥር አደረገና «አየር የሚገባው በሆዱ ነው። ፍራሽ ላይ ስታስቀምጪው አፍንጫውን ይዘሽዋል» አላት። እንዲህ ያለ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚያተርፍ አላውቅም፤ እኔ ግን ሌላ ዕቃ ቢበላሽብኝ ድሬ ድረስ እወርዳለሁ።

ስንነሳ እንዲህ አላት፦ «በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያው ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 አውርጂው።» አንድ በመቶ ምን ያደርጋል ያልኩት እኔ ነኝ። በብዙ ማሽኖች ላይ ያቺ አንዷ መቶኛ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚፈተለክበትን በር ትዘጋለች። ሥራው ይዘገያል፤ ሙቀቱ ግን በብዙ ይወርዳል። «አራት ሰዓት የነበረው ስድስት ይሁን። ከሚጠፋ ይዘግይ። ደግሞ በቀትር አታስጀምሪው፤ አንቺስ በቀትር ትሠሪያለሽ?»

ትሠራ ነበር። ማታ ግን አልሠራችም። ከእራት በኋላ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት ክዳን ላይ አቁማው፣ የክፍሉን ቬንትሌተር ከጎኑ አስነስታ፣ መስኮቱን ከፍታ ጠበቀች። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዘውም፤ የተነፈሰውን ሙቀት ግን ከአጠገቡ ይወስድለታል። ሌሊት አምስት ሰዓት ሲሆን የክፍሉ ሙቀት ወደ 27 ወረደ። ያኔ አስጀመረችው።

71፣ 76፣ 79። እዚያ ላይ ቆመ። ሦስታችንም ወንበር ስበን እንደ ቴሌቪዥን ቁጥሩን አየነው። 80ን ነክቶ ተመለሰ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እኔም በልቤ ያንን የሸጠልኝን ሰውዬ በግማሽ ይቅር አልኩት።

እንቅልፍ የወሰዳት እሷን ነው፤ አንገቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ። እትዬና እኔ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ላፕቶፕ ታቅፎ መሥራት ለሰውስ ጥሩ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ልጇ ጭኗ ላይ አድርጋ ሌሊቱን ስለምታነጋ። ለወራት በየቀኑ የጋለ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ቆዳቸው እንደ መረብ ተዥጎርጉሮ እንደተገኘ ሐኪሞች ጽፈዋል፤ ሳያቃጥል ቀስ ብሎ የሚያጠቁር ሙቀት ነው። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ጠረጴዛ» አለች እትዬ፤ ፍርዱ ተሰጠ።

ከዚያ ዝም ብላ ወደ ደቻቱ አቅጣጫ አየች። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ጎርፉ ሲመጣ እዚሁ ቤት ነበረች። ከተማው ላይ ብዙ ዝናብ አልነበረም አለችኝ፤ የዘነበው ከላይ ነው። ሰው ተኝቷል። ድምፁን ስትሰማ ባቡር መስሏት ነበር። ሌሊቱን በተከታታይ የሞተው ሰው ከ200 በላይ ሆነ። ይህችን ልጅ በዚያን ጊዜ ይዛት ወደ ጎረቤት ፎቅ የሮጠችው በአንሶላ ጠቅልላ ነው፤ ገና ጡት አልተወችም ነበር። ልጅቷ ስለዚህ አታስታውስም፤ የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጥም ለእናቷ አልነገረቻትም። እትዬ የሰማችው ካለቀ በኋላ ነው። «ምን ልበላት?» አለችኝ። እኔም የምላት አልነበረኝም።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፋኑ ድምፁን ቀነሰ። ስሌቱ አልቋል። ልጅቷ ቀና ብላ ዓይኗን እያሸች አንድ ሁለት ቁልፍ ነካች፤ ስክሪኑ ላይ ከተማው ከላይ የታየ ካርታ ሆኖ ወጣ፤ መሀሉን ሰማያዊ ቀለም ሰንጥቆታል። ከዚራን ወደ ጎን ትቶ፣ ቀፊራ ገበያን ታክኮ፣ ሰፈሮቹን እየበላ ይሄዳል። ጥቁር ሰማያዊው ጥልቁ ነው አለችን።

እትዬ መነጽሯን አምጥታ ጎንበስ አለች። መስጊዱን አገኘች፣ ድልድዩን አገኘች፣ ከዚያ በጣቷ የሰፈሯን መንገድ ተከትላ ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ሰማያዊው ቀለም ግቢውን ይዞታል፤ የጎረቤቱን ፎቅ ግን አልነካም።

«እዚህ ጋ ነበርን» አለች ለልጇ። «በዚህ በኩል ነው የወጣነው።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ ካርታውን አየች። ቁጥሩ ጥግ ላይ 52 ይላል።